የድባቴ መድኃኒት ካቆሙ በኋላ ስለሚቀጥል የወሲብ ችግር ለሐኪም እንዴት ማስረዳት ይቻላል?

ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን፣ ፓሮክሰቲን፣ ሲታሎፕራም እና ኢሲታሎፕራም ለድባቴና ለጭንቀት የሚታዘዙ፣ ኤስኤስአርአይ በሚባለው ምድብ የሚጠቃለሉ መድኃኒቶች ናቸው፤ ቬንላፋክሲን እና ዱሎክሰቲን ደግሞ የቅርብ ዘመዶቻቸው ናቸው። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው የወሲብ ፍላጎቱ ሊቀንስ፣ እርካታው ሊዘገይ ወይም ጭራሹኑ ሊጠፋ እንደሚችል አብዛኛው ሐኪም ያውቃል። ብዙዎች የማያውቁት፣ ወይም ሰምተው ያልተቀበሉት፣ ችግሩ በአንዳንድ ሰዎች ላይ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ለወራትና ለዓመታት ሊቀጥል መቻሉን ነው። ይህ ጽሑፍ ችግሩ የደረሰበት ታካሚ ወይም የትዳር ጓደኛው ጉዳዩን ለሐኪም በሚያሳምን መንገድ እንዴት እንደሚያቀርብ፣ ሐኪሙንም ምን ምን እንደሚጠይቅ ያስረዳል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ማሳሰቢያ አለ። መድኃኒቱን በመውሰድ ላይ ያለ ሰው ይህን አንብቦ በራሱ ውሳኔ በድንገት ማቆም የለበትም። በድንገት ማቆም ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭትና የበሽታውን ማገርሸት ሊያስከትል ስለሚችል፣ መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ የሚገባው ከሐኪም ጋር በመመካከር ነው። ብዙ ሰዎች በእነዚህ መድኃኒቶች ከከባድ ሕመም ወጥተዋል። ለሐኪም የሚቀርበው ጥያቄም መድኃኒቱ ይከልከል የሚል ሳይሆን፣ ታካሚ ሊደርስበት የሚችለውን አስቀድሞ አውቆ ይወስን፣ ጉዳት ሲደርስም ይመዝገብ የሚል ነው።

ችግሩ ምን ይመስላል?

ይህን ችግር ከሌሎች ለመለየት ዋናው ምልክት የብልት መደንዘዝ ነው። ታካሚዎች ቆዳው ሲነካ የሚሰማቸው ስሜት እንደቀነሰ ወይም ወሲባዊ ስሜቱ ብቻ ተለይቶ እንደጠፋ ይናገራሉ። ከዚህ ጋር የፍላጎት መጥፋት፣ በወንዶች ላይ የብልት አለመቆም፣ በሴቶች ላይ ድርቀት፣ በሁለቱም ላይ ደግሞ ደስታ የሌለው ወይም የማይመጣ እርካታ ይታያል። አንዳንዶች ሐዘኑም ደስታውም እንደደበዘዘባቸው ጨምረው ይገልጻሉ። በ2022 የታተመው የምርመራ መስፈርት የስሜት ለውጡን እንደ አስፈላጊ ምልክት ይወስዳል፤ በተጨማሪም ችግሩ መድኃኒቱ ከቆመ ቢያንስ ሦስት ወር የዘለቀ እንዲሆን፣ ከመድኃኒቱ በፊት ያልነበረ እንዲሆንና በሌላ በሽታ ወይም መድኃኒት የማይብራራ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህን መስፈርት ማወቅ ይጠቅማል፤ ለሐኪሙ የሚያዘጋጁት ማስረጃ ሁሉ በእርሱ ላይ ሊመሠረት ይችላልና።

ሐኪሞች ለምን አይሰሙትም?

በ1997 የታተመ አንድ የስፔን ጥናት መልሱን በከፊል ይሰጣል። ከዚህ ምድብ መድኃኒት ይወስዱ ከነበሩ 344 ታካሚዎች መካከል የወሲብ ችግር እንዳለባቸው በራሳቸው ተነሣሽነት የተናገሩት 14 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ሐኪሙ በቀጥታ ሲጠይቅ ግን ቁጥሩ 58 በመቶ ደርሷል። እንግዲህ የማይጠይቅ ሐኪም ችግሩ አነስተኛ መስሎት ቢኖር አያስገርምም። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ያለው ሁኔታ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። መድኃኒቶቹ ገበያ ላይ እንዲወጡ ያደረጉት ሙከራዎች አብዛኛዎቹ ለጥቂት ሳምንታት የሚቆዩ ስለነበሩ፣ ካቆሙ በኋላ ምን እንደተሰማቸው ታካሚዎችን የጠየቀ የለም ማለት ይቻላል። መድኃኒቱን ያቆመ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ክሊኒኩም አይመለስም፤ ሐኪሙ ሰውየው ድኖ የቀረ ይመስለዋል።

በእኛ አገር ሁኔታው ላይ የሚጨመሩ ነገሮች አሉ። በኢትዮጵያ ፍሉኦክሰቲን በጤና ጣቢያ ደረጃ ሳይቀር ይታዘዛል፤ የምርመራ ክፍሉ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ታካሚ፣ ነርስ ወይም ተማሪ የማይጠፋበት ነው። በዚያ ላይ ስንፈተ ወሲብ የደረሰበት ሰው በድግምት ወይም በመተት ማመካኘት፣ ወይም ዝም ብሎ መሸሸግ ይቀለዋል። ሴት ከሆነች ደግሞ ጥያቄውን የሚያነሣላት የለም ማለት ይቻላል፤ ባሏም ፍቅር እንዳለቀ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሐኪሙ እስኪጠይቅ መጠበቅ አያዋጣም።

ከቀጠሮው በፊት አንድ ገጽ ያዘጋጁ

ሐኪም ፊት ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነና ስለዚህ ጉዳይ ሲናገሩ አንደበት ስለሚተሳሰር፣ ታሪኩን በጽሑፍ ይዞ መሄድ ከሁሉ የሚሻል ዝግጅት ነው። ወረቀቱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የመድኃኒቱን ስም ይጻፉ፤ ይህም የፋብሪካው መጠሪያ ሳይሆን እንደ ሰርትራሊን ያለው ዓለም አቀፍ ስሙ ነው፤ የፋብሪካው መጠሪያ ከአገር አገር፣ ከአስመጪ አስመጪ ይለያያል። ስሙን ካላስታወሱ የድሮ ማዘዣ፣ ባዶ ማሸጊያ ወይም ፋርማሲው ክኒኑን የሰጠበት ትንሽ ፖስታ ይፈልጉ። ከዚያ መጠኑን በሚሊግራም፣ የጀመሩበትንና ያቆሙበትን ጊዜ፣ ያቆሙት በአንድ ጊዜ ይሁን ቀስ በቀስ ያስፍሩ። ፀበል ለመግባት ብለው በአንድ ቀን ያቆሙ ከሆነ ይህንንም ሳይደብቁ ይጻፉ፤ ሐኪሙ ሊያውቀው የሚገባ እንጂ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ቀኖቹን በተመለከተ በውጭ አገር ለሚኖሩ አንባቢዎች አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓውያኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስለሚለይ፣ ሳይቀየር የተጻፈ ዓመት ታሪክዎን ከንቱ ሊያደርገው ይችላል። በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ መውሰድ ይሻላል።

የገጹ ዋና ክፍል የለውጡ ቅደም ተከተል ነው። ከመድኃኒቱ በፊት የወሲብ ሕይወትዎ እንዴት እንደነበረ፣ በድባቴው ጊዜ ገና መድኃኒት ሳይጀምሩ ምን እንደተለወጠ፣ መድኃኒቱን በጀመሩ በስንተኛው ሳምንት ምን እንደተሰማዎት፣ ካቆሙም በኋላ የተሻሻለውንና ያልተሻሻለውን ለይተው ያስቀምጡ። ሁለተኛውን ነጥብ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ነገር ግን በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚያሳምነው እርሱ ነው። በድባቴ ወቅት ፍላጎት ቢቀንስም ስሜት እንዳልደነዘዘ፣ መደንዘዙ የመጣው ከክኒኑ በኋላ እንደሆነ ማሳየት ከቻሉ፣ ሐኪሙ ሁለቱን ለመለየት መነሻ ያገኛል። በመጨረሻም አሁን የሚወስዷቸውን ሌሎች መድኃኒቶች ሁሉ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያን፣ የደም ግፊት መድኃኒትንና ለፀጉር መሳሳት የሚሰጠውን ፊናስተራይድን ጨምሮ፣ እንዲሁም መጠጥና ጫትን በእውነት ይመዝግቡ።

ከዚህ ገጽ ጋር ሐኪሙ ራሱ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ኦፊሴላዊ ማስረጃ ያያይዙ። በኢንተርኔት ላይ የተሰበሰበ የታካሚዎች ምስክርነት ለእርስዎ ቢያጽናናም ሐኪምን አያሳምንም። ሐኪምን የሚያሳምነው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቃል ነው። በአሜሪካ ከፍሉኦክሰቲን ጋር የሚወጣው ኦፊሴላዊ የመድኃኒት መግለጫ ከ2011 ጀምሮ የወሲብ ችግር ምልክቶች መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ አልፎ አልፎ ሊቀጥሉ እንደሚችሉ ይገልጻል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያ፣ ዲኤስኤም 5፣ ችግሩ አንዳንድ ጊዜ ካቆሙም በኋላ እንደሚቆይ ይጠቅሳል። በ2019 የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ የኤስኤስአርአይና የቅርብ ዘመዶቻቸው መግለጫዎች በሙሉ ስለዚህ ችግር እንዲያስጠነቅቁ የወሰነ ሲሆን፣ የካናዳ ጤና መሥሪያ ቤትም በ2021 የራሱን ግምገማ አውጥቷል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ መምረጥ ካለብዎ፣ ሐኪሙ በየዕለቱ የሚያዘውን የዚህን ምድብ መድኃኒት ሁሉ ስለሚመለከት የአውሮፓውን ውሳኔ ይምረጡ። ያተሙትን ወረቀት እንደ ክስ ሳይሆን፣ «ጊዜ ሲያገኙ ቢያዩልኝ» ብለው ይስጡ።

ሐኪሙ ፊት

ሰው በዚህ ጉዳይ ዙሪያውን ይዞራል። «ደከመኝ»፣ «ትዳሬ ተቀዛቅዟል»፣ «እንደ ድሮው አይደለሁም» የሚል ታካሚ ሐኪሙን ወደ ድባቴ ይመራዋል፤ ሐኪሙም ያንኑ መድኃኒት መልሶ ሊያዝ ወይም መጠኑን ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ብቻዎን ለመነጋገር እንደሚፈልጉ ይናገሩ፤ ከዚያ በአጭሩ ያስቀምጡት። ለምሳሌ፦ «ዶክተር፣ ሰርትራሊን ከመጀመሬ በፊት በወሲብ በኩል ችግር አልነበረብኝም። በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት የብልቴ ስሜት ደነዘዘ። ካቆምኩ ስድስት ወር አለፈኝ፣ መደንዘዙ ግን አልለቀቀኝም። ታሪኩን በዚህ ገጽ ጽፌዋለሁ።» ከዚህ በላይ መናገር ካልቻሉ ወረቀቱን ብቻ መስጠት በቂ ነው።

የመጀመሪያው መልስ «ይህ ከድባቴው የመጣ ነው» የሚል ሊሆን ይችላል። መልሱ መሠረት ስላለው አይቆጡ፤ ድባቴ በእርግጥ ፍላጎትን ይቀንሳል። ሆኖም የብልት ቆዳ መደንዘዝ ከድባቴ ምልክቶች መካከል የለም። ከዚህም በላይ ሐኪሞች ራሳቸው ፓሮክሰቲንንና የዚሁ ምድብ የሆነውን ዳፖክሰቲንን ድባቴ ለሌለባቸው ወንዶች የዘር ፈሳሽ ቶሎ እንዳይወጣ ለማድረግ ያዛሉ፤ ይህም መድኃኒቱ በራሱ በወሲብ ስሜት ላይ እንደሚሠራ የሚያሳይ፣ ማንኛውም ሐኪም የሚያውቀው ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው መልስ «መድኃኒቱ ከሰውነትዎ ከወጣ ቆይቷል» የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ ብዙ የሚቆየው ፍሉኦክሰቲን እንኳን በሳምንታት ውስጥ ይወጣል። ግን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መድኃኒት ከወጣ በኋላ የሚቆይ ጉዳት አዲስ ነገር አይሆንባቸውም። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡ የቆዩ መድኃኒቶች የሚያስከትሉት፣ ከመድኃኒቱ መቆም በኋላም የማይለቅ የአፍና የምላስ ያለፈቃድ መንቀሳቀስ በሙያው ውስጥ ከታወቀ ብዙ አሥርት ዓመታት ሆኖታል። ይህን ምሳሌ ማንሣት ክርክሩን ከእምነት ወደ ሕክምና ዕውቀት ይመልሰዋል። በአካል ውስጥ ምን ተለውጦ እንደሚቀር ሳይንስ እስካሁን አላረጋገጠም፤ ሐኪሙ ይህን ካነሣ እውነት መሆኑን ይቀበሉ፤ የተቆጣጣሪዎቹ ማስጠንቀቂያም መንሥኤው ተብራርቷል ሳይሆን ሪፖርቶች ደርሰውናል የሚል ነው።

«እንዲህ ያለ ታካሚ አይቼ አላውቅም» ለሚል ደግሞ ከላይ ያለው የስፔን ጥናት መልስ ይሆናል። ከተፈለገ በእስራኤል የተሠራና በ2023 የታተመ ሌላ ጥናትም አለ። አጥኚዎቹ መድኃኒቱን ካቆሙ ወጣትና ጎልማሳ ወንዶች መካከል ከዚያ በኋላ ለብልት አለመቆም መድኃኒት ያስፈለጋቸውን ቆጥረው፣ ዘላቂው ችግር 0.46 በመቶ፣ ማለትም ከ216 ሰው አንዱን ያህል እንደሚያጋጥም ገምተዋል። ግምቱ ሴቶችንና መደንዘዝን ስለማይቆጥር የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ቢሆንም በየወሩ ይህን መድኃኒት ለብዙ ሰው ለሚያዝ ሐኪም አሳሳቢ ቁጥር ነው።

ሐኪሙ ሌላ መንሥኤ መፈለግ ከፈለገ እምቢ አይበሉ፤ ይልቁንም ይጠይቁት። የደም ስኳር፣ የታይሮይድ፣ የቴስቶስትሮንና የፕሮላክቲን ምርመራ ማድረግ ትክክለኛ አሠራር ነው። ውጤቱ ጤናማ ከሆነ የመድኃኒቱ ጥርጣሬ ይጠናከራል፤ ሊታከም የሚችል ነገር ከተገኘም ለእርስዎ ትርፍ ነው። ለብልት አለመቆም የሚሰጠውን ሲልደናፊልን በራስዎ ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ ግን አይመከርም፤ የጠፋ ስሜትን አይመልስም፣ ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚወስድ ሰውንም ሊገድል ይችላል። ለዚህ ችግር ፈውስነቱ የተረጋገጠ ሕክምና እስካሁን ስለሌለ፣ «አድንሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅን ማንኛውንም ሰው ይጠርጥሩ። ችግሩ ሕይወትን እስከ መጥላት ካደረሰዎ ይህንንም በዚያው ቀጠሮ ይናገሩ፤ ቀጠሮ እስኪደርስ መጠበቅ ካልቻሉ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ከቀጠሮው ሲወጡ ቢያንስ ሁለት ነገር እንዲፈጸም ይጠይቁ፦ ታሪኩ በካርድዎ ላይ በተጠረጠረ የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳትነት እንዲጻፍ፣ እና ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው ሪፖርት እንዲደረግ። ሐኪሙ እርግጠኛ መሆን አይጠበቅበትም፤ የሪፖርት ሥርዓቱ የተሠራው ለጥርጣሬ ነው። ይህን ማስታወስ ለብዙ ሐኪሞች ነገሩን ያቀልላቸዋል።

በአስተርጓሚ በኩል ሲሆን

በውጭ አገር ያለ አማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚው የሠፈር ሰው ሊሆንበት ይችላል፤ በልጅ ማስተርጎም ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ፈጽሞ አይሆንም። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ የጤና ተቋማት አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ቀጠሮ ሲይዙ በስልክ የሚሠራ፣ ከራስዎ ጋር አንድ ጾታ የሆነ አስተርጓሚ ይጠይቁ። በስልክ ሲሆን ፊትዎን አያይም፣ ስምዎንም ማወቅ የለበትም። በእስራኤልም የስልክ ትርጉም በአማርኛ አለ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት ያሉ እህቶቻችን ብዙ ጊዜ ክሊኒክ የሚሄዱት ከአሠሪያቸው ጋር ስለሆነ፣ አንዱን ገጽ በዐረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ አስተርጉሞ በእጅ መስጠት ምናልባት ያለው ብቸኛ መንገድ ነው።

ሐኪሙ ሪፖርት ካላደረገ

ራስዎ ማድረግ ይችላሉ። በኢትዮጵያ የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት የሚቀበለው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፣ የነፃ የስልክ መስመሩ 8482 ነው። በጤና ተቋማት የሚገኘውን ቢጫ የሪፖርት ቅጽ የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ሊሞላልዎ ይችላል፤ እንዲያውም በብዙ ቦታ ከሐኪሙ ይልቅ ለዚህ ሥራ ቅርብ የሆነው ፋርማሲስቱ ነው። በአሜሪካ ሪፖርቱ ለአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ለኤፍዲኤ፣ ሜድዎች በተባለው የሪፖርት ሥርዓት ይቀርባል፤ በእንግሊዝ የሎው ካርድ የሚባል ሥርዓት ከ1964 ጀምሮ አለ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ታካሚዎች ለየአገሩ ተቆጣጣሪ በቀጥታ ማሳወቅ ይችላሉ። ቅጹ ላይ መድኃኒቱ የቆመበትን ቀንና ችግሩ አሁንም መቀጠሉን በግልጽ ያስፍሩ፤ ይህ ካልተጻፈ ሪፖርቱ በመድኃኒት ላይ እያሉ ከሚደርሱት ተራ ቅሬታዎች ጋር ይቀላቀላል።

ከአንድ ሐኪም ባሻገር

የእርስዎ ሐኪም ከተረዳ በኋላ ዕውቀቱ ወደ ባልደረቦቹ እንዲደርስ መጠየቅ ይቻላል። በሆስፒታሎች የጠዋት ስብሰባ ላይ ያልተለመደ ታሪክ ይቀርባል፤ ስምዎ ሳይጠቀስ ታሪክዎ እንዲቀርብ በጽሑፍ ሊፈቅዱ ይችላሉ። በኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ፈቃዳቸውን ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰድ ስላለባቸው፣ በሥነ አእምሮ ላይ የሚሰጡ ሥልጠናዎች ይህን እንዲጨምሩ ለአዘጋጆቹ ወይም ለኢትዮጵያ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ደብዳቤ መጻፍ ውጤት ሊኖረው ይችላል። በጤና ጣቢያ ፍሉኦክሰቲን የሚያዙትን የጤና መኮንኖችና ነርሶች መርሳት አይገባም፤ ብዙ ታካሚ የሚያገኙት እነርሱ ናቸውና።

ደብዳቤው አጭር፣ ከስድብና ከማጋነን የጸዳ ይሁን። መድኃኒቱን መርዝ ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ከመጀመሪያው መስመር በኋላ አይነበብም። የሚጠየቀው ነገር ደግሞ በአንድ ቀን ሊፈጸም የሚችል ቢሆን ይመረጣል፦ መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት ስለ ወሲብ ሕይወት አንድ ጥያቄ እንዲጠየቅና መልሱ እንዲመዘገብ፣ ታካሚው ችግሩ አንዳንድ ጊዜ ካቆሙም በኋላ ሊቆይ እንደሚችል እንዲነገረው፣ መድኃኒቱ ከቆመ ከሦስት ወር በኋላም በስልክ ወይም በቀጠሮ ያው ጥያቄ እንዲደገም። የመጀመሪያው መልስ ካልተመዘገበ ኋላ የሚነጻጸርበት ነገር ስለማይኖር፣ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ማስፈጸም ባይቻል ከእርሱ ይጀመር።